አንድ ወንበር፣ ሁለት ሥልጣን፦ የፌዴራል ዳኝነት በሐረር

የክስ ማመልከቻ ሲጻፍ ከፍርድ ቤቱ ስም ዝቅ ብሎ ከሳሽና ተከሳሽ ይሰፍራሉ፤ ከስማቸው ሥር ደግሞ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ አድራሻ። ራፖር ጸሐፊ ፊት የተቀመጠ ባለጉዳይ በደሉን ለመናገር ስለሚቸኩል ይህችን መስመር እንደ ነገሩ አስሞልቶ ያልፋታል። «ሐረር ብለህ ጻፈው፣ ይበቃል» ይላል። ሌላ ከተማ ይበቃ ይሆናል። ሐረር ላይ ግን አይበቃም።

ምክንያቱ የከተማዋ አቀማመጥ ነው። የሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች ብቻ አሉት። አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጅኔላ፣ አቦከርና ሐኪም በከተማው፤ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ በገጠሩ። ዙሪያውን የሚከበው የኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው፤ የዞኑ መቀመጫም ራሷ ሐረር ናት። በአንድ ከተማ የሁለት ክልል መሥሪያ ቤቶች አሉ። ሱቁ ፈረስ መጋላ፣ ቤቱ አወዳይ የሆነ ሰው ሐረር ውሎ ሐረር የሚያመሽ ቢሆንም በሕግ ዓይን የሌላ ክልል ነዋሪ ነው። ያ ልዩነት ደግሞ ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል የሚለውን ሊወስን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እናብጅ። ጀጎል ውስጥ፣ የስፌት መኪናዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ በሚንጣጡበት የመኪና ግርግር መንገድ፣ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ አለች እንበል። ለአንድ የአወዳይ ባለ ሱቅ 400,000 ብር የሚያወጣ ጨርቅ በዱቤ ሰጠች። ውሉ የተፈረመው ሐረር ነው፤ ገንዘቡም ሐረር ሊከፈል ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ስልክ አይነሳም፣ ሽምግልናውም አልያዘም። አሁን መክሰስ ፈለገች። ባለ ሱቁ ሸንኮር ወይም አባድር የሚኖር ቢሆን ኖሮ ነገሩ የክልሉ የራሱ ጉዳይ ሆኖ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ደረጃ ይሄድ ነበር። እሱ ግን የኦሮሚያ ነዋሪ ነው። በሁለት ክልሎች ቋሚ ነዋሪ የሆኑ ሰዎች የሚካሰሱበትን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሕጉ የፌዴራል ጉዳይ ብሎ መድቦታል። ከሐረር አወዳይ በታክሲ ሄደው የሚመለሱበት መንገድ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን የክልል ድንበር ተሻግሯል።

«ታዲያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የት ነው? ድሬዳዋ ልውረድ? አዲስ አበባ ልሂድ?» ብትል አይፈረድባትም። መልሱ እዚያው ሐረር ነው፤ የሐረሪ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት። የክልሉን ጉዳይ በሚያይበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለዚህ ጉዳይ ሲባል የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል። የዳኛው ካባ አልተለወጠም፣ ማኅተሙም የክልሉ ነው። የተለወጠው ሥልጣኑ የተቀዳበት ምንጭና ጉዳዩ ይግባኝ ሲባልበት የሚሄድበት መንገድ ነው።

ይህ ውክልና የሚባለው አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ይመነጫል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉም ለክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ሰጥቷል። በዚህ ስሌት በየክልሉ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ሊቆም ይገባ ነበር፤ አሜሪካ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጀርመን ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች። እዚያ ተራውን ሰው የሚዳኙት የክፍላተ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች ሲሆኑ የፌዴራሉን ሕግም እነሱው ይሠሩበታል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚገኙት በዋናነት ጫፉ ላይ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ሁለቱን አቀላቅሏል። በአንቀጽ 78 የፌዴራል የዳኝነት የበላይነትን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጠ። ከሱ በታች የሚሆኑትን የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በመላ አገሪቱ ወይም በከፊል ሊያቋቁም ይችላል አለ። እስካልተቋቋሙ ድረስ ሥልጣናቸው ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ተሰጥቷል።

ምክር ቤቱ ይህን ሥልጣን የተጠቀመበት በቁጥብነት ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ቆመውባቸዋል። በ1995 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 322 ወጥቶ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም አደረገ። አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና የዚያን ጊዜው የደቡብ ክልል ናቸው። ሐረሪ ከነዚህ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሐረር የፌዴራሉን ዳኝነት የምታገኘው በራሷ ዳኞች እጅ ነው፤ በአንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እንደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሆነው ይሠራሉ።

ሐረር ለዳኝነት እንግዳ ከተማ አይደለችም። በአሚሮቹ ዘመን ቃዲው በሸሪዓ ይፈርድ ነበር። በ1879 አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ተሸንፈው ከተማዋ በጊዜው የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በምኒልክ እጅ ገባችና ራስ መኰንን ገዥ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ የፍርዱ መጨረሻ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከከተማዋም ርቆ ሄደ። ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በነበረችበት ዘመን የሐረር ባለጉዳይ ያልተዋጠለትን ፍርድ ይዞ ከደረጃ ደረጃ ይወጣል፤ መጨረሻው በንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት አቤት ማለት ነበር። የፍርድ መሰላሉ አንድ ነው፣ ጫፉ አዲስ አበባ ነው። በሽግግሩ ዘመን ክልል 13 ተብላ የቆየችው ሐረር በ1987 ከዘጠኙ የፌዴሬሽኑ አባላት አንዷ ስትሆን ግን መሰላሉ ሁለት ሆነ። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል የሚል ሕዝብ፣ የየትኛው ሕግ አምላክ እንደሆነ መጠየቅ የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

የፌዴራል ጉዳይ የሚባለው ምንድን ነው? በ1988 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 መሠረቱን አስቀመጠ፤ በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ተተክቷል፤ ሐሳቡ ግን በአብዛኛው ቀጥሏል። ሦስት መነሻዎች አሉ። ክርክሩ የተመሠረተበት ሕግ፣ የተከራካሪዎቹ ማንነትና ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ። ከወንጀሉ በኩል በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱና በአገር ደኅንነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራት፣ የፌዴራል መንግሥት ሰነድን ማጭበርበር፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፣ የአውሮፕላን በረራ ደኅንነትን የሚነካ ወንጀል የፌዴራል ናቸው። ከፍትሐ ብሔሩ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት አካል ተከራካሪ የሆነበት፣ የውጭ አገር ዜጋ ያለበት፣ የዜግነት ጥያቄ፣ የፈጠራና የድርሰት መብት፣ እንዲሁም የጨርቅ ነጋዴያችን ዓይነቱ የሁለት ክልል ነዋሪዎች ክርክር ይገኙበታል።

ለሐረር ነዋሪ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ቅርብ ነው? ነጋዴ ላልሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሩቅ ይመስላሉ። የመጨረሻው ግን ዕለት ተዕለት ነው። የሐረር ገበያ ያለ ዙሪያው ገጠር አይቆምም፤ ጫቱ፣ ቡናው፣ ወተቱና አትክልቱ በኤረር በርም በፈላና በርም ከኦሮሚያ ቀበሌዎች ይገባል፤ ጨርቁና ሸቀጡ ተመልሶ ይወጣል። ዱቤው፣ ብድሩ፣ የጋራ ንግዱ ሁሉ የክልል ድንበር ሳያይ ይካሄዳል። ድንበሩ የሚታየው ሰው ሲጣላ ነው። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ጥቂት የሕግ ባለሙያዎችን ብቻ የሚያሳስበው የፌዴራል ጉዳይ፣ በሐረር የጉልት ቸርቻሪዋን ሁሉ ሊነካ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የገንዘቡ መጠንም ደረጃ ይለያል። በ2013ቱ አዋጅ መሠረት ከ10 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ክርክር የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ሐረር ሲመለስ የመጀመሪያው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማለት ነው። የነጋዴዋ 400,000 ብር ከመጀመሪያው ምድብ ነው። ቦታውስ? ተከሳሹ አወዳይ ስለሚኖር እዚያ መክሰስ ግዴታዋ አይደለም፤ ውሉ የተደረገው፣ ገንዘቡም የሚከፈለው ሐረር በመሆኑ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሐረር እንድትከስ ይፈቅድላታል።

አሁን ወደ ይግባኙ እንሂድ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጉዳዩ የክልል ቢሆን ኖሮ ከክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ወደ ክልሉ ከፍተኛ፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይወጣል፤ በክልል ጉዳይ ላይ የመጨረሻው ባለ ሥልጣን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ የራሱም ሰበር ችሎት አለው። የነጋዴዋ የፌዴራል ጉዳይ ግን ከአንድ እርከን ከፍ ብሎ፣ ከክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀምራል። የተከፋው ወገን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ ያ ፍርድ ቤት በዚህ ጊዜ የተቀመጠው እንደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሥር ፍርዱን ካጸናው የይግባኝ በሩ ይዘጋል፤ የሚቀረው የፌዴራል ሰበር ነው። ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ገና ከጅምሩ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታየ ከሆነ ደግሞ ይግባኙ በቀጥታ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገባል። በተራ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ይህን 60 ቀን በተሳሳተ ደጅ ሲመላለስ የጨረሰ ሰው የሚደርስበትን ማሰብ አያስቸግርም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ከሥሩ መሳሳት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 9 ፍርድ ቤት የሥረ ነገር ሥልጣን የሌለውን ጉዳይ እንዳያይ ይከለክላል፤ ተከራካሪዎቹ ባይቃወሙም፣ ቢስማሙም እንኳ። አንድ የሁለት ክልል ነዋሪዎች ክርክር «ሐረር» ከሚል የተድበሰበሰ አድራሻ ጋር በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተከፍቶ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ሰነድ ተመርምሮ፣ ፍርድ ተሰጥቶበት፣ በይግባኝ ላይ አንዱ ጠበቃ «ይህ ጉዳይ የፌዴራል ነበር» ቢል ሁሉም እንዳልነበር ሊሆን ይችላል። የተከፈለው የዳኝነት ገንዘብ፣ የጠፋው የሥራ ቀን፣ ቃሉን ሰጥቶ አገር የለቀቀው ምስክር አይመለስም። ራፖር ጸሐፊው «የት ክልል፣ የት ወረዳ ነው የሚኖረው?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቅ ነገር እያበዛ አይደለም። ባለጉዳዩን በመዝገቡ ላይ ሊደርስ ከሚችለው እንዲህ ያለ መከራ እየጠበቀ ነው።

ከሁሉም መንገዶች በላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። ሰበር ይግባኝ አይደለም። ምስክር አይሰማም፣ የተረጋገጠውን ፍሬ ነገር እንደገና አይመዝንም፤ የሚያየው በመጨረሻው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ነው። አቤቱታውን መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣራሉ፤ ያስቀርባል ካሉ በአምስት ዳኞች ይሰማል። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የዚህ ችሎት የሕግ ትርጉም ከላይ እስከ ታች ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ውሳኔዎቹ ከ20 በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል፤ ሐረር ያለ ዳኛም ጠበቃም እነሱን ሳያገላብጥ አይሠራም።

ይህ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚያሳየው በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 የተሰጠው ውሳኔ ነው። ከደቡብ ክልል የመጣ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ነበር። አባት ልጁ ይሰጠኝ ይላል፤ ልጁን ያሳደጉት ዘመድ አይሆንም ይላሉ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች እስከ ሰበሩ ድረስ ለአባት ወሰኑ። የፌዴራል ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ማዘዙን፣ ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው። ውሳኔው ከዚያ ቤተሰብ አልፎ በሐረርም በባሕር ዳርም ልጅ ለሚካሰሱ ወላጆች ሁሉ መለኪያ ሆነ።

ክርክሩም ከዚሁ ይነሳል። አንቀጽ 80 በአንድ በኩል የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ጉዳይ የበላይና የመጨረሻ ነው ይላል፤ በሌላ በኩል የፌዴራል ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ ያያል ይላል። የመጨረሻ በተባለው ላይ ሌላ መጨረሻ እንዴት ይጨመራል? የክልሎችን የዳኝነት ነፃነት ይሸረሽራል የሚሉ የሕግ ምሁራን ብዙ ናቸው። የ2013ቱ አዋጅ ነገሩን አጥብቦታል። የክልል ሰበር ያየው የክልል ጉዳይ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚደርሰው የሕግ ስህተቱ መሠረታዊ ከመሆኑም በላይ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው ሲሆን ነው። ይህ ተገቢ ይመስለኛል። ሐረሪ ትንሽ ክልል ናት፤ ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ ተከራካሪውም የሚተዋወቁባት ከተማ ናት፤ በሩቅ ዓይን የሚያይ ሁለተኛ ዳኛ መኖሩ ለደካማው ወገን ዋስትና ነው። ነገር ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አልጋ ይዞ ቀጠሮ መጠበቅ የሚችለው ደካማው ወገን አይደለም። ለማንኛውም ጥቃቅን ነገር የሚከፈት በር የሚጠቅመው ባለ ገንዘቡን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሕግን ስለ መተርጎም ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሲያከራክርስ? ብዙ አንባቢ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነዋ» ይላል፤ የውጭ ፊልምና ዜና እንደዚያ አስለምዶናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር ከተሰጠው ፍርድ ጀምሮ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥት የሚጋጭን ሕግ ውድቅ ያደርጋል። በእኛ ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው፤ እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። ለምክር ቤቱ የሕግ አማካሪ የሚሆነው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። በ2012 ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ሲራዘም፣ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉባኤውን መርተው ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ያየ ሰው ይህን አካል ያስታውሰዋል።

ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ካመነ ጥያቄውን ለአጣሪ ጉባኤው ይልካል፤ ባለጉዳዩም ራሱ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ ግን ዳኛ ሕገ መንግሥቱን አይጠቅስም ማለት አይደለም። አንቀጽ 13 የመሠረታዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ግዴታ በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል የዳኝነት አካላት ላይ ሁሉ ጥሏል። ከላይ ያየነው የልጁ መዝገብ ሕያው ማስረጃ ነው። «ሕገ መንግሥት የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ እጁን የሚሰበስብ ዳኛ ካለ፣ አንቀጽ 13ን ዘንግቷል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ለሐረር አንባቢ ከዚህ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች በቅርብ ይነኩታል። የመጀመሪያው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር አንዲት ወይዘሮ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም እያሉ ክርክሩ ቀጥሎ እስከ ላይ ተፈረደባቸው። በመጨረሻ ወደ አጣሪ ጉባኤው ሄዱ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠው ዳኝነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ቃዲ ፊት መቅረብ ለዘመናት በለመደች ከተማ ይህ ውሳኔ ትልቅ ትርጉም አለው። በፈቃዱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለሚሄደው መንገዱ ክፍት ነው፤ የማይፈልገውን ግን ማንም ሊያስገድደው አይችልም።

ሁለተኛው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ምርጫ ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። ሃያ ሁለቱ የክልሉ ነዋሪ በሙሉ የሚመርጣቸው ናቸው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሆኑ ለነዚህ ከክልሉ ውጭ በአገሪቱ የሚኖሩ የሐረሪ ብሔር ተወላጆችም ድምፅ ሲሰጡ ቆይተዋል። በ2013 ምርጫ ዋዜማ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ የሚሰጠውን ድምፅ አልቀበልም አለ። ቦርዱ የፌዴራል ተቋም ነውና ክርክሩ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሄዶ ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም ለሐረሪ ወገን ወሰነ። በክልሉ ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር። ከውጭ ሲታይ የአንድ ትንሽ ክልል የምርጫ ሥርዓት ጥያቄ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት የክልል ሕገ መንግሥት ያቆመውን ሥርዓት ከፌዴራል ተቋም ውሳኔ የጠበቀበት ነው፤ ፍርድ ቤትና ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚለያዩበት መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነም ያሳያል።

ውክልናው የሚያስከትለው ወጪም አለ። ሥራው የፌዴራል፣ ዳኛው የክልል ከሆነ ደመወዙን፣ መዝገቡን፣ ወረቀቱን ማን ይችላል? አንቀጽ 79 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ሥልጣን ደርበው ለሚሠሩ የክልል ፍርድ ቤቶች ማካካሻ በጀት እንዲመድብ ያዛል። ዘጠኝ ወረዳ ላላት ክልል ይህ የምሕረት ገንዘብ አይደለም፤ በሕገ መንግሥት የተጻፈ ዕዳ ነው። ቋንቋም እንዲሁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ሲሆኑ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አማርኛ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብቱን አንቀጽ 20 አረጋግጦለታል፤ ሦስት አራት ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ ይህን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ማንሳት ይገባል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጊዜ የማይሰጥ ነገር ስለሆነ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት አለው። ይህ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ከ1988ቱ አዋጅ ጀምሮ ከፌዴራል ጉዳዮች ተቆጥሮ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተሰጠ ነው። ወንድሟ ሐረር ውስጥ ተይዞ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ እህት ድሬዳዋ ለመውረድ መኪና መፈለግ የለባትም። ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ትቀመጥ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የያዘውን አካል፣ ያለበትን ቦታ ትንገረው። ከወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጻፍላት፦ ለሐረሪ ሕዝብ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት።